ከተጋለጡ በኋላ ኤችአይቪን በጊዜ ለማወቅ፦ ቀን አቆጣጠር፣ የምርመራ ምርጫና የቤት ውስጥ ኪት አጠቃቀም

«ባለፈው ቅዳሜ ያለ ኮንዶም አድርጌያለሁ፤ ዛሬ ብመረመር ይታያል?»

ላቦራቶሪ ውስጥ ስለምሠራ ይህች ጥያቄ አትለቀኝም። በቴሌግራም ትመጣለች፣ በስልክ ትመጣለች፣ ደሴ ፒያሳ ቡና ላይ ቁጭ ባልኩበት ወንበር አስጠግተው ሹክ የሚሉኝም አሉ። ከኮምቦልቻ፣ ከባቲ፣ ከወልድያ፣ ከሐይቅ የሚጠይቁኝ ሰዎች ቀናቸው ይለያያል እንጂ ጥያቄያቸው አንድ ነው። እናም አንዴ በደንብ ልጻፈውና ለሚጠይቀኝ ሁሉ ይህንኑ ልላክ።

አጭሩ መልስ፦ አይታይም። ቫይረሱ ገብቶ ቢሆን እንኳ በመጀመሪያው ሳምንት የትኛውም ምርመራ አያገኘውም። ግን በዚያው ሳምንት ምንም የሚደረግ ነገር የለም ማለት አይደለም፤ እንዲያውም ዋናው ሥራ ያኔ ነው።

ከሁሉ በፊት፦ 72 ሰዓት አልሞላም?

ካልሞላ ማንበቡን ተዉትና ተነሡ። ፔፕ የሚባል መድኃኒት አለ፤ ከተጋለጡ በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ ተጀምሮ ለ28 ቀን በየቀኑ የሚዋጥ። ቫይረሱ ከገባበት ቦታ ተነሥቶ በሰውነት ውስጥ እስኪሰራጭ ጥቂት ጊዜ ይፈልጋል፤ መድኃኒቱ በዚያች ጊዜ መራባቱን ያግደዋል። ሦስት ቀን ካለፈ በኋላ ቫይረሱ ቦታውን ስለሚይዝ አይጠቅምም፣ አይሰጥምም። በ72 ሰዓት ውስጥም ቢሆን በ5ኛው ሰዓት መጀመርና በ70ኛው መጀመር አንድ አይደለም። «ሰኞ እሄዳለሁ» አትበሉ። ቅዳሜና እሑድ ወይም ሌሊት ከሆነ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።

ምን ብዬ ልናገር ለሚለው፦ «ለኤችአይቪ ተጋልጬ ሊሆን ስለሚችል ፔፕ እፈልጋለሁ» ይበቃል። ይህንንም ለበሩ ዘበኛ ወይም ካርድ ክፍሉ መስኮት ላይ፣ ከኋላችሁ ሰው ተሰልፎ እየሰማ መናገር የለባችሁም። «ለሐኪም የምነግረው ነው» በሉና ካርድ አውጡ።

መጀመሪያ ጣታችሁን ወግተው ይመረምሯችኋል። ይህ የአሁኑን መጋለጥ ለማየት አይደለም፤ ከዚህ በፊት ቫይረሱ በደማችሁ ካለ ፔፕ ሳይሆን ሙሉ ሕክምና ስለሚያስፈልጋችሁ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ የፀረ-ኤችአይቪ መድኃኒት ከሚወስድ ዘመድ ወይም ጎረቤት ተካፍላችሁ አትዋጡ። የእሱ መድኃኒት ለእናንተ የሚሆን ላይሆን ይችላል፤ የእሱም ይጎድልበታል።

የተደፈረ ሰው ከሆነ ደግሞ ሕክምናው ይቅደም፤ ለመሄድ የማንንም ወረቀት አትጠብቁ። ከተቻለ ሳትታጠቡ፣ ልብስም ሳትቀይሩ ሂዱ፤ የምርመራው ማስረጃ እንዳይጠፋ ነው። ታጥባችሁም ከሆነ ግን ሂዱ። ለሴት እርግዝና የሚከላከል መድኃኒትም በዚያው ይሰጣል፤ እስከ 5 ቀን ድረስ ይሠራል፣ ግን በቶሎ የተወሰደው ይበልጣል።

መርፌ የወጋችሁ የጤና ባለሙያዎችና ጽዳት ሠራተኞች፦ በሳሙናና በውኃ ታጠቡ። አትጭመቁት፣ በረኪናም አታፍሱበት፤ ቁስሉን ያባብሰዋል እንጂ ቫይረሱን አያስወጣም። ከዚያ በቀጥታ ወደ ፔፕ።

ምን ምን ያስፈልጋል

- የተጋለጣችሁበት ቀን። በግምት ሳይሆን በትክክል።
- ቀን መቁጠሪያ፤ የስልካችሁም ይሆናል።
- የምትወስዱት መድኃኒት ካለ ስሙ፣ በተለይ ፔፕ ወይም ፕሬፕ (ሳይጋለጡ በፊት የሚወሰደው መከላከያ) ወስዳችሁ ከሆነ።
- በቤት የምትመረመሩ ከሆነ ጊዜው ያላለፈበት ኪት፣ ደቂቃ የሚቆጥር ሰዓት፣ ጥሩ ብርሃንና ማንም የማያንኳኳበት አንድ ሰዓት።
- የምታምኑት ሰው፣ ካለ። የግድ አይደለም።

ብር አላልኩም። በመንግሥት ጤና ጣቢያና ሆስፒታል ምርመራው ነፃ ነው። ባዶ ሆድ መሆንም አያስፈልግም፤ በልታችሁም ጾማችሁም ብትመጡ የደሙ ውጤት ያው ነው።

1. ቀኑን ጻፉት

የሚቆጠረው ከመጨረሻው መጋለጥ ነው። ሦስት ጊዜ ተጋልጣችሁ ከሆነ ቆጠራው ከሦስተኛው ይጀምራል፤ ምክንያቱም የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ምርመራ ላይ ነፃ ቢመስሉም ሦስተኛው ገና ሊሆን ይችላል። ስልካችሁ ላይ ማንም በማይገባው ምልክት ያዙት። ብዙ ሰው «ወር ገደማ ይሆነዋል» ብሎ ይመጣና ሲሰላ 19 ቀን ይሆናል። በዚህ ሥራ ደግሞ በ19 ቀንና በ30 ቀን መካከል ሰፊ ልዩነት አለ።

የእኛ አቆጣጠር ለዚህ ይመቻል፤ ወሩ ሁሌ 30 ስለሆነ ጥር 10 የተጋለጠ ሰው 90 ቀኑ ሚያዝያ 10 ነው፣ አለቀ። ጳጉሜን መሀል ከገባች ግን 5 ወይም 6 ቀን ትጨምራለች። ብትረሷትም አብሽሩ፤ ትዘገያላችሁ እንጂ አትቸኩሉም።

2. የትኛው ምርመራ እንደሚደረግላችሁ ጠይቁ

«ኤችአይቪ ምርመራ» ሲባል አንድ ነገር ብቻ ይመስላል። ሦስት ዓይነት ነው፤ ሦስቱም የሚፈልጉት ነገር ይለያያል።

የመጀመሪያው የቫይረሱን ዘር ራሱን የሚፈልገው ነው፤ ፒሲአር ወይም ቫይራል ሎድ የምትሉት። ከተጋለጡ ከ10 እስከ 33 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ያገኘዋል። ከሁሉም ፈጣኑ ይህ ነው፤ ነገር ግን «ፒሲአር ሥሩልኝ» ብላችሁ እንደ ጣት ምርመራ በየጤና ጣቢያው የምታገኙት አይደለም። እኛ አገር በዋናነት የሚያገለግለው መድኃኒት ላይ ያሉ ሰዎችን ለመከታተልና ቫይረሱ በደሟ ካለባት እናት የተወለዱ ሕፃናትን ለመመርመር ነው። በእኛ አካባቢ ከየጤና ተቋሙ የሚሰበሰበው ናሙና ደሴ ወዳለው የአማራ ኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ቅርንጫፍ ይላካል። አዋቂ ሰው ምልክት ታይቶበት ሐኪሙ ከጠረጠረ ሊያዝዝ ይችላል፤ ውሳኔው የሐኪሙ ነው።

ሁለተኛው አንቲጅንን (የቫይረሱን አካል) እና አንቲቦዲን (ሰውነት ቫይረሱን ለመዋጋት የሚሠራውን) በአንድ ላይ የሚያየው ነው፤ አንዳንዶች አራተኛ ትውልድ ይሉታል። ፒ24 የሚባለው የቫይረሱ አካል አንቲቦዲ ገና ሳይሠራ ደም ውስጥ ስለሚታይ፣ ይህ ምርመራ አንቲቦዲ ብቻ ከሚያየው ይቀድማል። ከክንድ ሥር ተቀድቶ በማሽን ከተሠራ ከ18 እስከ 45 ቀን፣ በጣት ደም በፈጣን ኪት ከተሠራ ከ18 እስከ 90 ቀን ነው። ትልልቅ የግል ላቦራቶሪ ከሄዳችሁ ከመክፈላችሁ በፊት «አንቲጅንም ያያል ወይስ አንቲቦዲ ብቻ?» ብላችሁ ጠይቁ። ሊመልሱላችሁ ይገባል። ካላወቁት እዚያ አትክፈሉ።

ሦስተኛው አንቲቦዲ ብቻ የሚያየው ነው፦ ከ23 እስከ 90 ቀን። በየጤና ጣቢያው በጣት ደም የሚሠራው ፈጣን ምርመራ ባብዛኛው ይህ ነው። በቤት የሚሠራው የድድ ኪትም እዚህ ይመደባል። ይህ ምርመራ ሌባውን ሳይሆን ዱካውን ነው የሚፈልገው፤ ሰውነታችሁ ቫይረሱን ለመዋጋት የሠራውን አንቲቦዲ። ሰውነት ያንን እስኪሠራ ሳምንታት ይወስድበታል። ባልተሠራበት ጊዜ የሚመጣ «ኔጋቲቭ» የኪቱ ጥፋት አይደለም።

አሁን ቁጥሮቹን አስተውሉ፤ እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። «ከ18 እስከ 45» ማለት በ18ኛው ቀን ይታወቃል ማለት አይደለም። 18 ማለት በአንዳንዱ ሰው መታየት የሚጀምርበት ነው፤ 45 ማለት ደግሞ ከሞላ ጎደል በሁሉም ሰው የሚታይበት ነው። በ18ኛው ቀን ፖዘቲቭ ከሆነ መረጃ ነው። ኔጋቲቭ ከሆነ ግን ገና ምንም አልነገራችሁም። ለማረፍ የምትቆጥሩት ሁለተኛውን ቁጥር ነው።

3. የምርመራ ቀናችሁን ያዙ

ለአብዛኛው ሰው የሚሆነው ይህ ነው፦

ሀ. ወዲያውኑ፣ በዚያው ሳምንት። የድሮ ሁኔታችሁን ለማወቅ። ይህ ሳይሠራ በኋላ ፖዘቲቭ ቢመጣ ከመቼ እንደሆነ አይታወቅም።

ለ. ከ4 እስከ 6 ሳምንት ባለው። ቫይረሱ ከገባባቸው ብዙዎቹ በዚህ ጊዜ ይታወቃሉ። ቶሎ መድኃኒት መጀመር የሚጠቅመው ለዚህ ነው፤ ሰውነት ሳይጎዳ፣ ለሌላውም ሳይተላለፍ።

ሐ. 3 ወር ሲሞላ፣ ማለትም 90 ቀን። ይህ መዝጊያው ነው። በመሀል ሌላ መጋለጥ ከሌለና ፔፕ ወይም ፕሬፕ ካልወሰዳችሁ፣ በዚህ ቀን የመጣ ኔጋቲቭ ኔጋቲቭ ነው። ጉዳዩን ዝጉት።

አንቲጅንንም የሚያየውን በክንድ ደም በላቦራቶሪ ካሠራችሁ 45ኛው ቀን ላይ መዝጋት ትችላላችሁ። በየሳምንቱ እየተመላለሰ የሚመረመር ሰው አለ፤ ጣቱ ይቆስላል፣ እንቅልፉም አይመለስም። ቀኑን ይዞ መጠበቁ ይሻላል።

ፔፕ ወይም ፕሬፕ የወሰደ ሰው ቆጠራው ይለያል። መድኃኒቱ ቫይረሱን ሊያዘገየው፣ አንቲቦዲውም ዘግይቶ እንዲሠራ ሊያደርግ ስለሚችል የምርመራ ቀኑን የሚያዝላችሁ መድኃኒቱን የሰጣችሁ ባለሙያ ነው። 28 ቀኑን ጨርሰናል ብላችሁ ቀጠሮውን አትተዉት።

4. ትኩሳት ከመጣ ቀኑን ለሐኪሙ ንገሩ

ቫይረሱ ከገባባቸው ሰዎች ብዙዎቹ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ ጉንፋን የሚመስል ነገር ይይዛቸዋል፦ ትኩሳት፣ የጉሮሮ ሕመም፣ የአንገትና የብብት ንፍፊት ማበጥ፣ የሰውነት ሽፍታ፣ የመገጣጠሚያ ቁርጥማት፣ የሌሊት ላብ፣ የአፍ ውስጥ ቁስል። በራሱ ይጠፋል።

ችግሩ እኛ ጋ ትኩሳት ስሙ ብዙ መሆኑ ነው። ባቲና ቆቦ ላይ ከሆነ ወባ ነው፣ ደሴ ላይ ከሆነ ብርድ ነው ወይም ታይፎይድ ነው ይባላል። መድኃኒት ይሰጣል፣ ትኩሳቱም ይሄዳል፣ «ዳንኩ» ይባላል። ትኩሳቱ የሌላ በሽታም ሆነ የኤችአይቪ፣ ሁለቱም ይሄዳሉ። ስለዚህ ሐኪም ፊት ስትቀመጡ «ከ3 ሳምንት በፊት ተጋልጬ ነበር» የምትለዋን አንድ ዓረፍተ ነገር አትዋጧት። የወባ ምርመራውን ይሥሩላችሁ፤ ያኛውንም አብረው ያስቡበታል።

በምልክት ግን ራሳችሁን አትመርምሩ። ትኩሳት ስለመጣ ያዘኝ ማለት አይቻልም፣ ምንም ስላልተሰማችሁም ነፃ ናችሁ ማለት አይቻልም። ምንም ሳይሰማቸው የሚያልፉ ብዙ ናቸው። በዚህ የመጀመሪያ ጊዜ በደም ውስጥ ያለው የቫይረስ መጠን እጅግ ከፍተኛ ስለሆነ የመተላለፍ ዕድሉም ከፍ ያለ ነው። 3 ወሩ እስኪሞላ፣ ከባለቤታችሁም ጋር ቢሆን፣ ኮንዶም።

5. ጤና ተቋም ስትሄዱ

ቪሲቲ ወይም የምክርና ምርመራ ክፍል ብላችሁ ጠይቁ። 15 ዓመት የሞላው ሰው የወላጅ ፈቃድ ሳያስፈልገው ይመረመራል። አማካሪው ጥቂት ጥያቄ ይጠይቃችኋል፤ እዚያ ላይ አትዋሹ፣ በተለይ ቀኑን። የተሳሳተ ቀን የተሳሳተ ቀጠሮ ያመጣል።

ጣታችሁን ሲወጉ ላንሴቱ አዲስና ፊታችሁ የተከፈተ መሆኑን እዩ። ማየት ነውር አይደለም፤ ጥሩ ባለሙያ ራሱ ያሳያል። የመጀመሪያዋን ጠብታ በጥጥ ጠርጎ ቀጣይዋን ቢወስድ አይግረማችሁ፤ ጣት ያጸዳበት አልኮል እንዳይቀላቀል ነው። ውጤቱ እንደ ኪቱ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ይወስዳል።

የመጀመሪያው ኪት ምንም ካላሳየ ኔጋቲቭ ተብሎ ያበቃል። ካሳየ ግን በአንዱ ኪት ብቻ ማንም ፖዘቲቭ አይባልም፤ በሌላ ዓይነት ሁለተኛ ኪት፣ ከዚያም በሦስተኛ ይረጋገጣል። ለምን ሦስት? አንዳንድ ኪት በሌላ ምክንያት መስመር ሊያወጣ ስለሚችል ነው። ስለዚህ ባለሙያው ለሁለተኛ ጊዜ ወደ ውስጥ ሲመለስ ልባችሁ አይቁረጥ፤ ሥራው ነው። ኪቶቹ ካልተስማሙና «ያልለየ» ከተባላችሁ በ14 ቀን ትመለሳላችሁ። ያ ማለት ፖዘቲቭ ማለት አይደለም፣ ኔጋቲቭም አይደለም። በአንዳንድ ሰው ላይ ገና መታየት የጀመረ ሊሆን ስለሚችል ቀጠሮውን መቅረት አይቻልም።

6. በቤት፣ በድድ ኪት

ኦራክዊክ የሚባለው ኪት ለዚህ ይውላል። ደም አይፈልግም። ከጤና ተቋም ጠይቁ፤ ከገዛችሁም ማሸጊያው ያልተቀደደ መሆኑን እዩ። የሚሠራው በአንቲቦዲ ስለሆነ 90 ቀን ካልሞላ ኔጋቲቩ አያሳርፍም።

6.1. ከመጀመራችሁ 15 ደቂቃ በፊት ምንም አትብሉ፣ አትጠጡ፣ አታኝኩ። ጫትም ማስቲካም ማኘክ ነው። ጥርስ ከተፋቃችሁ ወይም አፋችሁን በመጉመጥመጫ ካጠባችሁ 30 ደቂቃ ጠብቁ። በአቦልና በቶና መሀል የሚሠራ ነገር አይደለም። በአፍ ውስጥ ያለ ነገር ከድዱ የሚወጣውን ፈሳሽ ያበላሸዋል።

6.2. ጊዜው ያላለፈበት መሆኑን እዩ። ኪቱ የሚቀመጠው ከ2 እስከ 30 ዲግሪ ነው፤ ባቲ ላይ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ወይም መኪና ውስጥ ለሳምንታት የከረመ ኪት አይታመንም። ሲሠራ ደግሞ ክፍሉ ከ15 እስከ 37 ዲግሪ መሆን አለበት። የደሴን የታኅሣሥ ጠዋት ታውቁታላችሁ። ክፍሉ ሞቅ ሲል፣ እኩለ ቀን ላይ ሥሩት።

6.3. ፈሳሹ ያለበትን ቱቦ አውጡ፣ ክዳኑን በዝግታ ክፈቱ፣ መቆሚያው ላይ አቁሙት። ፈሳሹን አታፍስሱ፣ አትጠጡት፣ ሌላ ውኃም አትጨምሩበት። ትንሽ ከፈሰሰ ኪቱ አይሠራም፤ ሌላ ያስፈልጋል።

6.4. የመመርመሪያውን ዘንግ አውጡ። አብሮት ያለውን ትንሽ ከረጢት ጣሉት፤ እርጥበት የሚመጥ ነው፣ አይበላም። የዘንጉን ጠፍጣፋ ጫፍ በእጃችሁ አትንኩ።

6.5. ጫፉን በላይኛው ድድ ላይ፣ ከጥርሱ በላይ በውጭ በኩል፣ ከዳር እስከ ዳር አንዴ ጎትቱ። ከዚያ በታችኛው ድድ ላይ አንዴ። በቃ። ምላስ፣ ጉንጭና ላንቃ አይደለም። አንቲቦዲው የሚገኘው በድድ ዙሪያ ባለው ፈሳሽ ነው፤ ምራቅ ውስጥ ጥቂት ነው። ደጋግሞ መፋቅም አይጠቅምም።

6.6. ጫፉን ቱቦው ውስጥ እስከ ታች አስገቡት፤ ውጤት የሚታይበት መስኮት ወደ እናንተ ይዙር። ሰዓቱን ጀምሩ። ሮዝ ቀለም ሲወጣ ታያላችሁ፣ ትክክል ነው። ዘንጉን አታውጡት።

6.7. 20 ደቂቃ ሲሞላ አንብቡ። ከ40 ደቂቃ በኋላ አታንብቡ። ከ20 በፊት ያልወጣ መስመር ገና እየመጣ ሊሆን ይችላል፤ ከ40 በኋላ የሚወጣው ደግሞ ከመድረቁ የመጣ የውሸት መስመር ሊሆን ይችላል። ሠርታችሁ ተኝታችሁ ጠዋት የታየ ውጤት ውጤት አይደለም።

6.8. አነባበቡ፦ በ«ሲ» ምልክት ላይ ብቻ መስመር ካለ ኔጋቲቭ። በ«ሲ»ም በ«ቲ»ም ካለ፣ የ«ቲ»ዋ መስመር ቀጭንና ደብዛዛ ብትሆንም፣ ማረጋገጫ ምርመራ ያስፈልጋል። በ«ሲ» ላይ መስመር ከሌለ ኪቱ አልሠራም፤ ምንም ውጤት የለም፣ በሌላ ድገሙ።

እባካችሁ የኪቱን ፎቶ አንሥታችሁ «ይህች መስመር ናት?» እያላችሁ አትላኩልኝ። ደብዛዛ መስመር በስልክ ካሜራ ይጠፋል፣ ያልነበረው ጥላ ደግሞ መስመር ይሆናል። የምትጠራጠሩ ከሆነ ጤና ጣቢያ ሂዱ።

7. ከውጤቱ በኋላ

ኔጋቲቭና ቀኑ ያልሞላ፦ ቀጠሮ ያዙ፣ ኮንዶም ይቀጥላል። ኔጋቲቭና ቀኑ የሞላ፦ ጨርሳችኋል። መጋለጡ የሚደጋገም ከሆነ፣ ወይም ቫይረሱ በደሙ ካለ ሰው ጋር የምትኖሩ ከሆነ፣ ስለ ፕሬፕ ጠይቁ። ሳይጋለጡ በፊት የሚወሰድ መከላከያ መድኃኒት ነው።

ኪቱ ላይ «ቲ» ከታየ፦ ዛሬውኑ ጤና ተቋም። ያለ ማረጋገጫ ለማንም አትናገሩ፣ ፍቺም እጮኝነት ማፍረስም አትነጋገሩ። ከተረጋገጠ መድኃኒቱ ነፃ ነው፣ በዚያው ቀንም ሊጀመር ይችላል። ከመጀመሩ በፊት በአዲስ ናሙና ድጋሚ ቢመረምሯችሁ ስሕተት እንዳይኖር ነው። መድኃኒቱን በሥርዓት ወስዶ ቫይረሱ በምርመራ የማይታይበት ደረጃ ደርሶ የቆየ ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት አያስተላልፍም። ብዙ ሰው ይህን ሳያውቅ ነው ተስፋ የሚቆርጠው።

8. ሕፃን ከሆነ

ቫይረሱ በደሟ ካለባት እናት የተወለደ ሕፃን የእናቱ አንቲቦዲ ደሙ ውስጥ እስከ 18 ወር ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ የጣት ኪት ፖዘቲቭ ቢያሳይ የእናቱን እያሳየ ሊሆን ይችላል። በ6 ሳምንቱ ከተረከዙ ደም ተወስዶ በወረቀት ላይ ደርቆ ለፒሲአር ይላካል። ክትባት በምታስከትቡበት ቀን አብሮ ይሠራል፤ ሁለት ጊዜ መመላለስ የለም። የመጀመሪያው ኔጋቲቭ ቢሆንም ጡት እስከጠባ ድረስ መጋለጡ ስለማይቆም ክትትሉ ጡት ከተወ በኋላም ባለው የመጨረሻ ምርመራ ነው የሚዘጋው። የእናቱን መድኃኒትና የሕፃኑን ሽሮፕ ማቋረጥ አይቻልም።

ተደጋግመው የማያቸው ስህተቶች

ደም ልገሳን እንደ ምርመራ መጠቀም። ደም ባንክ የተለገሰውን ደም ይመረምራል፤ ግን ገና ባልታየበት ቀን ከለገሳችሁ ያ ደም ለአንዲት ወላድ ሊሰጥ ይችላል። ከተጋለጣችሁ አትለግሱ፣ ተመርመሩ።

የሠርግ ወረቀት። ኒካህም ሆነ ተክሊል ሊታሰር ሲል የምርመራ ወረቀት የሚጠየቅበት ቦታ ብዙ ነው፤ ጥሩ ነው። ሰው ግን በሠርጉ ዋዜማ ሮጦ ይመጣል። ወረቀቱ የሚናገረው ከ3 ወር በፊት ስለነበረው ነው። ሠርጉ ከመቆረጡ 3 ወር ቀደም ብላችሁ አንዴ፣ ሲቃረብ ደግሞ አንዴ ብትመረመሩ ወረቀቱ ትርጉም ይኖረዋል። አብራችሁ ኑ፤ ውጤቱንም አብራችሁ ስሙ።

«ባለቤቴ ተመርምራ ነፃ ናት፣ ስለዚህ እኔም ነፃ ነኝ።» አይደለም። አንዱ ኖሮበት ሌላው የሌለበት ባልና ሚስት ብዙ አሉ። የእሷ ደም የእሷን ነው የሚናገረው። በእርግዝና ክትትል የተመረመረችም ብትሆን።

መድኃኒት ላይ ያለ ሰው ራሱን በቤት ኪት መመርመር። መድኃኒቱ ቫይረሱን ስላዳከመው አንቲቦዲው ሊቀንስና ኪቱ የውሸት ኔጋቲቭ ሊያሳይ ይችላል። ይህን አይተው «ነጻሁ» ብለው መድኃኒት ያቆሙ አሉ፤ ከወራት በኋላ ታመው ነው የሚመለሱት። ፀበል የምትጠመቁም ተጠመቁ፤ ፀበሉና መድኃኒቱ አይጣሉም። መድኃኒት የሚቆመው በኪት አይደለም።

አንድ ነገር ብቻ መርምሮ መሄድ። በኤችአይቪ የተጋለጠ ሰው በቂጥኝና በሄፓታይተስ ቢም ተጋልጦ ሊሆን ይችላል። በዚያው ቀጠሮ «እነዚህንም አብራችሁ ሥሩልኝ» በሉ። ቂጥኝ በመርፌ ይድናል፤ ለሄፓታይተስ ቢ ደግሞ ገና ያልተያዘ ሰው የሚከተበው ክትባት አለ።